በጡረታ ዘመን የሚኖሩበትን ሥፍራ መምረጥ፦ ሶደሬ፣ አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌሎች ደጋማ ከተሞች በጡረታ የሚሰናበቱ ዜጎች ቀሪ ዘመናቸውን ሞቅ ባለ አየር ለማሳለፍ ሲያስቡ በቅድሚያ ከሚጠሯቸው ሥፍራዎች መካከል ሶደሬ፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱና ባቱ ይገኙበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቦታዎቹ ለመዲናዋ ቅርብ ናቸው፤ ብርዳቸው አይበረታም፤ የሶደሬ ፍል ውሃም መገጣጠሚያቸውን ለሚያማቸው ሰዎች እፎይታ እንደሚሰጥ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ሲነገር ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ወደ እነዚህ አካባቢዎች ለመዛወር ያሰቡ ጡረተኞችና ቤተሰቦቻቸው ቤት ከመሸጣቸው ወይም ከመግዛታቸው በፊት ሊያጣሯቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያስረዳል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሥፍራው የሚመረጠው በ60 ዓመት ዕድሜ ቢሆንም የሚኖርበት ግን የ75 እና የ80 ዓመት ሰው ነው። ዛሬ መኪና የሚነዳ፣ ደረጃ የሚወጣ፣ ገበያ ወርዶ የሚመለስ ሰው ከ15 ዓመት በኋላ ይህን ሁሉ ላይችል ይችላል። ከባልና ሚስትም አንዳቸው ቀድመው ሊያልፉ ይችላሉ። ስለሆነም አንድ ሥፍራ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ጥያቄ ሊመለስ የሚገባው ብቻውን የቀረውንና ጉልበቱ የደከመውን ሰው ታሳቢ በማድረግ ነው። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ነጥቦች በሙሉ ወደዚሁ ጥያቄ የሚመለሱ ናቸው።

የጡረተኞች መንደር ሲባል

በአንዳንድ ሀገሮች አረጋውያን ብቻ የሚኖሩባቸው፣ የጥበቃ፣ የሕክምና፣ የምግብና የመዝናኛ አገልግሎት በአንድ አስተዳደር ሥር የተደራጀባቸው መንደሮች አሉ። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተችው ሰን ሲቲ ለዚህ ዓይነቱ አኗኗር በስፋት የምትጠቀስ ከተማ ናት። በሀገራችን ይህ አሠራር የተለመደ አይደለም። በኛ ዘንድ አረጋዊን የሚያኖረው ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ዕድሩና የእምነት ተቋሙ ነው። በመሆኑም የጡረታ መኖሪያ መምረጥ ማለት በአመዛኙ ሰፈር መምረጥ ማለት ነው።

የአረጋውያን መርጃ ማዕከላት የሚሰጡት አገልግሎት ከዚህ የተለየ መሆኑንም መገንዘብ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ብንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ጧሪና ደጋፊ ያጡ፣ ብዙዎቹም በጎዳና ላይ የወደቁ ወገኖችን የሚያነሣ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። አቅም ያለው ጡረተኛ ከፍሎ የሚገባበት መንደር አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ማዕከል ቦታ እንደሚያገኙ ተማምነው ቤታቸውን የሚያስተላልፉ ወላጆች ካሉ ውሳኔያቸውን ደግመው ሊመረምሩት ይገባል።

"የጡረተኞች መንደር" በሚል መጠሪያ ቤት የሚያስተዋውቅ አልሚ ቢያጋጥምዎ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቁ። አንደኛ፣ ቃል የተገባው የነርስ፣ የምግብና የጽዳት አገልግሎት በውሉ ውስጥ በዝርዝር ሰፍሯል ወይ? ሁለተኛ፣ ወርኃዊው የአገልግሎት ክፍያ በየዓመቱ የሚጨምረው በምን ስሌት ነው? ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ ለወራሽ ይተላለፋል ወይስ ወደ ድርጅቱ ይመለሳል? በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ያለ በውል ላይ ግን የሌለ አገልግሎት እንደሌለ ሊቆጠር ይገባል።

ስሌቱ ከባለቤትዎ ይጀምር

ለመንግሥት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተደነገገው የጡረታ ሥርዓት መሠረታዊ ስሌት የሚከተለው ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ድምሩ ከ70 በመቶ አይበልጥም። የጡረታ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 60 ዓመት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 30 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ ሠራተኛ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,500 ብር ያገኛል። ብዙ ቤተሰቦች ኪራዩንና አስቤዛውን በዚህ ገንዘብ አስልተው ይዛወራሉ። ባለ መብቱ ሲሞት ግን ለትዳር ጓደኛው የሚከፈለው የአበሉ 50 በመቶ፣ ማለትም 2,750 ብር ነው። ኪራዩ በዚያን ዕለት በግማሽ አይቀንስም፤ የመብራቱና የመድኃኒቱ ወጪም እንዲሁ። እንግዲህ ለመኖሪያ የታሰበው ቤት መመዘን ያለበት በ5,500 ብር ሳይሆን በ2,750 ብር ነው። በዚህ ገቢ የማይኖርበት ቤት ከሆነ፣ ለጊዜው ቢያምርም፣ የትዳር ጓደኛዎን በእርጅናዋ ወይም በእርጅናው ዳግመኛ ከመሰደድ አያድንም። የራስ ቤት ያለው ሰው በዚህ ረገድ ከተከራይ በእጅጉ የተሻለ ዋስትና አለው።

የተተኪነት አበል ለማግኘት ጋብቻውን ማስረዳት ያስፈልጋል። በባህላዊ ወይም በሃይማኖታዊ ሥርዓት ተጋብተው የምስክር ወረቀት ሳይዙ ብዙ ዓመታት የኖሩ ባልና ሚስቶች ጥቂት አይደሉም። በሀገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ወዲህ በመሆኑ የቀደሙት ጋብቻዎች ብዙዎቹ በመዝገብ አይገኙም። ይህንን ጉዳይ ከመዛወርዎ በፊት ይጨርሱ። ሠርግዎን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎችና ምስክሮች ያሉት በቀድሞ ሰፈርዎ ነው፤ ከዓመታት በኋላ በአዲስ ከተማ፣ በሐዘን ላይ ሆኖ ምስክር መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው።

ሶደሬ፦ ለመታጠቢያ ወይስ ለመኖሪያ?

ሶደሬ ከአዳማ በስተደቡብ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ትገኛለች። ስሟ የሚታወቀው በፍል ውሃዋ፣ በመዋኛዋና በዛፎቿ ጥላ ነው። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓላት ሰሞን በጎብኝዎች ትጨናነቃለች፤ በሥራ ቀናት ጸጥ ትላለች። አረጋውያን ፍል ውሃውን የሚጠቀሙ ከሆነ በሥራ ቀን ማለዳ መሄድ ይመረጣል።

ከመዝናኛው ግቢ ወጥቶ ቋሚ ኑሮን ሲመዝኑ ግን ሁኔታው ይለወጣል። አስተማማኝ የሕክምና ተቋም፣ ባንክ፣ ልዩ ልዩ መድኃኒት የያዘ መድኃኒት ቤትና የተሟላ ገበያ የሚገኘው አዳማ ነው። ሌሊት የደረት ሕመም የጀመረው ሰው 25 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይኖርበታል። አዋሽ አዞ የሚገኝበት ወንዝ ከመሆኑም በላይ አካባቢው ከቆቃ ግድብ በታች ስለሆነ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ዝቅተኛ የሆኑ ዳርቻዎች ለጎርፍ ይጋለጣሉ። በዚህ ምክንያት ለአብዛኛው ጡረተኛ የሚመከረው በአዳማ ኖሮ ሶደሬን በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ መጎብኘት ነው። የፍል ውሃው ጥቅም በዚህ አይቀንስም፤ ሕክምናውና ገበያው ግን ከደጅ ይሆናል።

ስለ ፍል ውሃው ራሱም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሞቀ ውሃ የደነደነ ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሣል። ለደም ግፊት፣ ለስኳር ወይም ለልብ ሕመም የታዘዘን መድኃኒት ግን አይተካም፤ ፍል ውሃ ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ለከፋ አደጋ ይዳርጋል። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት በድንገት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ከውሃው ሲነሡ ዓይናቸው ጭልም ብሎ ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ብቻዎን አይግቡ፤ ቆይታዎን ያሳጥሩ፤ ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ተቀምጠው ቀስ ብለው ይነሡ፤ የሚጠጣ ውሃም ይያዙ። የስኳር ሕመም እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰዎች ሙቀቱን በእግራቸው መለካት አይችሉም፤ ሳይታወቃቸው ሊቃጠሉ ስለሚችሉ ሌላ ሰው በእጁ ሊለካላቸው ይገባል። የልብ ድካም ያለባቸው ደግሞ አስቀድመው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ መግባት የለባቸውም።

የከተሞቹ አየርና አቀማመጥ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ቢሾፍቱ ወደ 1,900፣ አዳማና ባቱ ደግሞ ወደ 1,600 እና 1,700 ሜትር ግድም ናቸው፤ ሶደሬ ከነዚህም ዝቅ ትላለች። ዝቅ ባለ ሥፍራ በአየሩ ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ስለሚበዛ የሳንባና የልብ ችግር ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች መተንፈስ እንደቀለላቸው ይናገራሉ። ሙቀቱ በተቃራኒው የራሱ ጫና አለው። ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በአዳማ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አረጋውያን የውሃ ጥም ስሜታቸው ስለሚቀንስ ሳይጠማቸውም መጠጣት ይኖርባቸዋል።

አዳማ ነፋሻማ መሆኗም መዘንጋት የለበትም። የአዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት እና የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ይህ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ አስም ላለበት ሰው ጥርጊያ መንገድ ዳር ያለ ቤት አይመከርም። ሞጆ በመንገድና በባቡር መገናኛነቷ ምቹ ብትሆንም የቆዳ ፋብሪካዎቿ ሽታ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ቤት ከመያዝ በፊት በተለያየ ሰዓት ተገኝቶ ማየት ይገባል። ቢሾፍቱ ከነሆራና ባቦጋያ ሐይቆቿ ለአዲስ አበባ የቀረበች፣ አየሯም ለዘብ ያለ በመሆኑ ከደጋ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያው የሙከራ ሥፍራ ብትሆን መልካም ነው፤ የቤት ዋጋዋ ግን በዚያው ልክ ይንራል። ባቱ ጸጥ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ ከመዲናዋ 160 ኪሎ ሜትር ያህል መራቋ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ለሆኑ ወላጆች ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ በአንጻሩ አዳማ ያለች እናትን ለመጠየቅ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ልጆች ይመላለሳሉ ወይስ በዓል ሲሆን ብቻ ይመጣሉ የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸው ርቀት ነው።

ለመወሰን የሚያስችለው አስተማማኝ መንገድ በኪራይ መሞከር ነው። ሙከራው ግን በጥርና በታኅሣሥ ለስለስ ባለው አየር ብቻ ሊሆን አይገባም። ቢያንስ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት አንድ ወር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው የወባ ወቅት ደግሞ ሌላ አንድ ወር ይኑሩ። በነዚህ ሁለት ወቅቶች የተስማማዎት ሥፍራ በሌላውም ይስማማዎታል።

የሚጠጣው ውሃ

ይህ ነጥብ ቤት በሚመርጡ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚታለፍ በመሆኑ በሰፊው ማየት ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ በተፈጥሮው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን በብዛት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በአካባቢው ካሉ ጉድጓዶች በርካቶቹ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን ተገኝቶባቸዋል።

የሚያስከትለው ጉዳት በመጀመሪያ በልጆች ጥርስ ላይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ግን በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ አንገትና ወገብን ያደርቃል፤ ጎንበስ ቀና ማለትን ይከለክላል። ከአዳማ አጠገብ በምትገኘው በወንጂ፣ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የስኳር ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው የኖሩ ሠራተኞች በዚህ ሕመም መጎዳታቸው በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል። ስለ መገጣጠሚያ ሕመሙ ሲል ወደ ስምጥ ሸለቆ የመጣ ሰው በሚጠጣው ውሃ ምክንያት የባሰ የአጥንት ሕመም እንዳይሸምት መጠንቀቅ አለበት።

ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፤ ጣዕምም የለውም። ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ክምችት ይጨምራል። ስለሆነም ቤት ከመከራየትዎ ወይም ከመግዛትዎ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ። ከወንዝ ተጣርቶ በከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የሚሠራጭ የቧንቧ ውሃ ከፍሎራይድ አንጻር ከጉድጓድ ውሃ የተሻለ ነው። ግቢው የራሱ ጉድጓድ ካለው የውሃውን የላቦራቶሪ ውጤት ሳያዩ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ አይጠቀሙበት፤ ለልብስ ማጠቢያና ለአትክልት ግን ሊያገለግል ይችላል። የዝናብ ውሃ ከንጹሕ ጣሪያ አጠራቅሞ መጠጣትም አንድ አማራጭ ነው። የፍል ምንጭ ውሃን ለመድኃኒትነት ብሎ አዘውትሮ መጠጣት አይመከርም።

ወባና የመሬት መንቀጥቀጥ

ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች በአብዛኛው ወባ የሚገኝባቸው ናቸው። ዕድሜውን በደጋ ያሳለፈ ሰው በሽታውን የመቋቋም አቅም ስላላዳበረ ወባ ይበረታበታል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይጠቀሙ፤ በመስኮት ላይ ወንፊት ያሠሩ፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶዎችንና በርሜሎችን ይክደኑ። የመጨረሻው ምክር በተለይ ለከተማ ነዋሪ አስፈላጊ ነው፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችውና በቅርብ ዓመታት ወደ ሀገራችን የገባችው የወባ ትንኝ የምትራባው በእንዲህ ባሉ የቤት ውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ጭምር ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከተሰማዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በአረጋውያን ላይ ትኩሳቱ ጎልቶ ሳይታይ መደካከምና መዘባረቅ ብቻ ሊታይ እንደሚችል ቤተሰብ ይወቅ።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስምጥ ሸለቆ እንዲህ ያለ ክሥተት የሚጠበቅበት ሥፍራ ነው። አሮጌና የተሰነጠቀ ግድግዳ ያለው ቤት አይምረጡ፤ ቁም ሣጥንና መደርደሪያን ከግድግዳ ጋር ያሳስሩ፤ ከአልጋ በላይ ከባድ ነገር አይስቀሉ።

ሕክምና

ቀደም ሲል የኃይለማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ለአካባቢው የሪፈራል አገልግሎት ይሰጣል፤ በከተማዋ የግል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮችም አሉ። እንደ ካንሰር የጨረር ሕክምና ያሉ ከፍተኛ አገልግሎቶች ግን በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች የሚሰጡ ናቸው። ቋሚ ክትትል ያለው ሰው ከሐኪሙ የሕመሙን ታሪክና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች የያዘ የጽሑፍ ማጠቃለያ ተቀብሎ ይዛወር። መድኃኒቶቹ በአዲሱ ከተማ መገኘት አለመገኘታቸውንም ከመዛወሩ በፊት በአካል ጠይቆ ያረጋግጥ።

ኢንሱሊን የሚጠቀሙ ሰዎች ሙቀቱን በልዩ ትኩረት ሊያዩት ይገባል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ወይም መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋ ከሆነ በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ማሰሮ ሙቀቱን በተወሰነ ደረጃ ያበርዳል፤ በመስኮት ላይ ወይም በመኪና ውስጥ የተረሳ ኢንሱሊን ግን ኃይሉን ያጣል። የጤና መድንን በተመለከተ እርስዎና የትዳር ጓደኛዎ በምን ዓይነት ሁኔታ ሊታቀፉ እንደምትችሉ በሚዛወሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የምዝገባ ወቅት እንዳያልፍዎም ይጠንቀቁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ዕድር፣ ሰበካና ጎረቤት

ለሠላሳ ዓመታት የከፈሉበትን ዕድር ትቶ መሄድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ዘግይቶ ለሚገባ አባል ከዕድሩ ሀብት ድርሻ ጋር የሚመጣጠን የመግቢያ ክፍያ መጠየቅ፣ ሙሉ አገልግሎት እስኪሰጠውም የተወሰነ ጊዜ ማስጠበቅ የተለመደ ነው። ለመዛወር ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የቀድሞ ዕድሩ በሩቅ ሆኖ በባንክ የሚከፍልን አባል ይቀበል እንደሆነ ሊቀመንበሩን ወይም ጸሐፊውን ይጠይቅ። ቢቀበል እንኳ ድንኳኑና ወንበሩ የሚተከለው አዲስ አበባ እንጂ አዳማ ባለመሆኑ በአዲሱ ሰፈር ሁለተኛ ዕድር መግባት ያስፈልጋል። ይህንንም በመጀመሪያው ወር ማድረግ ይሻላል።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሰበካ ጉባኤ አባልነታቸውን ወደሚኖሩበት አጥቢያ ማዛወር፣ የቀብራቸው ሥፍራ የት እንዲሆን እንደሚፈልጉም ለቤተሰብ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። ሙስሊሞች በአቅራቢያቸው ካለው መስጊድ ጀመዓ ጋር፣ ፕሮቴስታንቶችም ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ጋር አስቀድመው ይተዋወቁ። ቤት ሲመርጡ ወደ ጸሎት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ መለካት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ አንድ አረጋዊ በሳምንት ውስጥ ከቤት የሚወጣበት ዋና ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላልና። ብቻውን የሚኖር ሰው ጠዋት በሩን ሳይከፍት ቢቀር የሚያንኳኳለት ጎረቤት ያስፈልገዋል። ከፍ ያለ አጥርና የተዘጋ በር በበዛበት አዲስ መንደር ይህን ማግኘት ከነባር ሰፈር ይልቅ ያስቸግራል።

በኦሮሚያ ክልል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በአዳማና በቢሾፍቱ ገበያና ጎረቤት በሁለቱም ቋንቋዎች መግባባት ቢቻልም የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና የቀበሌ ደብዳቤ የሚጻፉት በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሚያምነው ሰው እንዲያነብለት ያድርግ፤ ሰላምታውንና የዕለት መግባቢያውን መማር ደግሞ በአዲስ ሰፈር ቤተኛ ለመሆን ብዙ ያግዛል።

ቤት መግዛትና መከራየት

ጡረተኞች ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከሚያጡባቸው መንገዶች ዋናው በከተማ ዳር ከአርሶ አደር "ቦታ መግዛት" ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም አይለወጥም። በጎረቤት ምስክርነት በተጻፈ ወረቀት የተያዘ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት የጨረቃ ቤት ነው፤ ሲፈርስም ካሣ የሚጠየቅበት አይደለም። በዋጋው ርካሽነት መጎምጀት ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም በ65 ዓመት ዕድሜ የፈረሰን ቤት መልሶ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ሕጋዊ ይዞታ መሆኑን በከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑንም በዚያው በኩል ካጣሩ በኋላ ብቻ ውሉን በሚመለከተው የሰነዶች ማረጋገጫ አካል ፊት ይፈጽሙ።

የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት በሕግ ያስፈልጋል። ለልጅ ቤትን በስጦታ አስተላልፎ ከልጅ ጋር ለመኖር የሚያስቡ ወላጆችም በሕይወት እስካሉ ድረስ በቤቱ የመኖር መብታቸው በጽሑፍ እንዲሰፍር ቢያደርጉ ይመረጣል። ይህን መጠየቅ ልጅን መጠራጠር አይደለም፤ ልጁ ቀድሞ ቢሞት ወይም ትዳሩ ቢፈርስ ወላጅን የሚጠብቀው ያ ጽሑፍ ነው።

ለተከራዮች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ከ2 ወር በላይ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠየቅ ይደነግጋል። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ስለሆነ በሚዛወሩበት ከተማ ያለውን አፈጻጸም ከከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

የቤቱ አሠራርም ይታይ። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ያለ ሊፍት ለ60 ዓመት ሰው ቢያስቸግርም ይቻላል፤ ለ80 ዓመት ሰው ግን ከቤት አለመውጣት ማለት ነው። የምድር ቤት ወለል ማግኘት ካልተቻለ ከመጀመሪያው ፎቅ በላይ አይውጡ። መጸዳጃው መቀመጫ ያለው፣ ከመኝታ ክፍሉ የማይርቅ፣ ወለሉ የማያንሸራትት ሊሆን ይገባል።

ከውጭ ሀገር ለሚመለሱ

የውጭ ሀገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በመያዝ ያለ ቪዛ መግባትና መኖር ይችላሉ። ከአሜሪካ የሚመለሱ ጡረተኞች የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያቸውን ኢትዮጵያ ሆነው ሊያገኙ ቢችሉም ሜዲኬር የተሰኘው የጤና ዋስትና ከአሜሪካ ውጭ ለሚሰጥ ሕክምና በአብዛኛው እንደማይከፍል ማወቅ አለባቸው። ለሕክምና የሚውል የተለየ ተቀማጭ ሳይዙ መመለስ አይመከርም።

ሲዛወሩ የሚያስፈልጉ ሰነዶች

የጡረታ አበል በባንክ ሒሳብ ስለሚከፈል ከተማ መለወጥ መብቱን አያሳጣም። አዲሱን አድራሻዎን ግን እንደ ሁኔታው ለመንግሥት ሠራተኞች ወይም ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ከቀድሞ ቀበሌዎ ወይም ወረዳዎ መሸኛ ይውሰዱ፤ የፋይዳ መታወቂያ ካላወጡ ያውጡ። የጡረታ መታወቂያን፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀትን፣ የቤት ካርታን፣ የባንክ ደብተርንና የዕድር ደረሰኞችን ዋናዎቹን በአንድ ፋይል፣ ቅጂዎቻቸውን ደግሞ አብሮዎ በማይኖር ልጅ ወይም ዘመድ እጅ ያኑሩ። የትዳር ጓደኛዎ ፋይሉ የት እንዳለና በመጀመሪያ ወደ የትኛው ጽሕፈት ቤት መሄድ እንዳለባት ወይም እንዳለበት አሁኑኑ ይንገሩ።